ወደ ማዕከሉ ያልደረሱትን መቁጠር፦ የተሃድሶ ሕክምና አገልግሎት እንዴት ይጠናል?

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ደብረ ዘይት የምትባል ከተማ አለች። የወምበራ ወረዳ ማዕከል ናት፤ ከአዲስ አበባ አጠገብ ካለችውና ዛሬ ቢሾፍቱ ከምትባለው ከተማ ጋር የሚያገናኛት ስሟ ብቻ ነው። በክልሉ ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍና ክራንች የሚሠራው የአካል ተሃድሶ ማዕከል የሚገኘው አሶሳ ነው። አሶሳና ደብረ ዘይት የአንድ ክልል ከተሞች ይሁኑ እንጂ በመካከላቸው ዓባይ አለ። አሶሳ ከወንዙ በስተደቡብ፣ መተከል በስተሰሜን ነው።

እንበል፣ ከወምበራ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር ገበሬ አደጋ ደርሶበት አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፣ ቁስሉም ጠግጓል፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ለሐኪሙ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰውየው ግን ማረስ ይፈልጋል፤ ገበያ መውጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ልጆቹን ይዞ ዓመት በዓል መዋል ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ሰው ሠራሽ እግር፣ ከዚያም በእግሩ መራመድን የሚያለማምደው ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ አገልግሎት መኖሩን ማን ይነግረዋል? የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ልኩ እስኪወሰድ፣ እግሩ እስኪሠራ፣ ልምምዱ እስኪያልቅ የት ያድራል? እሱ በሌለበት ማሳውን ማን ያርስለታል? ያን ሁሉ አልፎ ያገኘውን እግርስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብሶት ይሄዳል ወይስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል?

እነዚህን ጥያቄዎች በዘዴ አንስቶ፣ መረጃ ሰብስቦ መልስ የሚፈልግ የምርምር ዘርፍ አለ። የጤና አገልግሎት ምርምር ይባላል። አዲስ መድኃኒት አይፈልግም፤ አዲስ የቀዶ ሕክምና ዘዴም አይፈጥርም። የሚያጠናው መድኃኒቱ፣ ባለሙያውና መሣሪያው ወደ ሕመምተኛው የሚደርሱበትን መንገድ ነው። ማን አገኘ፣ ማን ሳያገኝ ቀረ፣ ምን ያህል ወጪ ጠየቀ፣ ያገኘው ሰው ኑሮ ተለወጠ ወይ? በተሃድሶ ሕክምና ይህ ምርምር ከሌሎቹ የሕክምና ዘርፎች ይበልጥ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ ተሃድሶ ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይገባል።

የተሃድሶ ሕክምና በበሽታ፣ በአደጋ፣ በእርጅና ወይም ከልደት ጀምሮ በነበረ ችግር የተነሳ አቅሙ የተቀነሰ ሰው በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ እንዲኖር የሚያደርግ ክብካቤ ነው። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን የያዘባቸው እናት እጃቸውን ማንቀሳቀስ እንዲለማመዱ የሚረዳ ፊዚዮቴራፒስት፣ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ለተወለደ ሕፃን በየሳምንቱ ጄሶ እየቀየረ የሚያቃና ባለሙያ፣ የሰው ሠራሽ እግር ሠሪ፣ የንግግር ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ዊልቼርና መነጽር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የእ.ኤ.አ. 2019 መረጃን የተመለከተ ጥናት፣ በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰው ተሃድሶ ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር እንዳለበት አስልቷል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንዳንድ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ተሃድሶ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አያገኙትም።

ወባ ሲታከም ውጤቱ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ተሕዋሲው አለ ወይም የለም። የተሃድሶ ውጤት ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የአቅምና የጉዳት አመዳደብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። የሰው አቅም የሚለካው በአካሉ ብቻ አይደለም፤ ምን መሥራት ይችላል፣ በማኅበራዊ ሕይወት ምን ያህል ይሳተፋል፣ አካባቢውስ ያግዘዋል ወይስ ያሰናክለዋል የሚሉትም ይታያሉ። አንድ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አስፋልት ዳር ሱቅ ያለው፣ ሌላው ዳገት ወጥቶ ውኃ የሚቀዳ ከሆነ፣ የሚገጥማቸው መሰናክል እኩል አይደለም። ስለዚህ የተሃድሶ አገልግሎትን ማዕከሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብቻ መመዘን አይቻልም።

የጤና አገልግሎትን ጥራት ለመመዘን ዛሬም ድረስ የሚያገለግለውን መንገድ የቀየሰው አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። ቤይሩት ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መመርመር እንደሚገባ ጻፈ፦ ያለው ነገር፣ የሚሠራው ሥራ፣ የተገኘው ውጤት። ያለው ነገር ሲባል ሕንጻው፣ ባለሙያው፣ መሣሪያው ነው። የሚሠራው ሥራ ምርመራው፣ ልምምዱና ክትትሉ ነው። ውጤቱ ደግሞ በሰውየው ሕይወት ላይ የታየው ለውጥ። የአገራችን ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ይቆማሉ፤ ይህን ያህል ማዕከል ተከፈተ፣ ይህን ያህል ዊልቼር ተሰጠ ይላሉ። የተሰጠው ዊልቼር በበሩ ይገባ እንደሆነ፣ በጭቃ ይሄድ እንደሆነ የሚናገረው ሦስተኛው ነው።

ይህ ዓይነቱ ምርምር ምን ያህል ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል የስትሮክ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1993 ፒተር ላንግሆርንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ቦታዎች የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ደምረው መረመሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ የስትሮክ ሕመምተኞችን በየዋርዱ ከመበተን ይልቅ አንድ ቦታ ላይ አሰባስቦ፣ ሐኪሙ፣ ነርሱና ፊዚዮቴራፒስቱ እንደ አንድ ቡድን ቢያክሟቸው የሚሞተው ሰው ይቀንሳል? መልሱ አዎ ሆነ። በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም በሕይወት የተረፈውና ራሱን ችሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው እንደሚበዛ አረጋገጡ። እዚህ ላይ የተጨመረ ተአምረኛ መድኃኒት የለም። የተለወጠው የሥራው አደረጃጀት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ መልካም የሚመስል ሐሳብ ሲፈተን ሊወድቅ ይችላል። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች በ1,250 የስትሮክ ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ነበር። ሐሳቡ ባለሙያ ስለሌለ ቤተሰብን እናሠልጥንና ልምምዱን ቤት ውስጥ ራሳቸው ይስጡ የሚል ነው። ማን ይቃወመዋል? ለኢትዮጵያም የተሰፋ ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ቤተሰባቸው የሠለጠነላቸውም ያልሠለጠነላቸውም እኩል ሆነው ተገኙ፤ በሁለቱም ወገን 47 ከመቶ የሚሆኑት ሞተው ወይም በሰው እጅ ወድቀው ነበር። ጥናቱ ባይደረግ ኖሮ ስንት አገር ይህን መንገድ ተከትሎ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ያፈስ ነበር! ለእናታቸው ሌት ተቀን የሚለፉ ልጆች ላይ ተጨማሪ ሸክም ጭኖ ውጤት አለማግኘት ከገንዘቡም በላይ የሚያሳዝን ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ ከባዶ የምትነሳ አይደለችም። ስሙ ውስጥ ተሃድሶን የያዘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ሲቋቋም ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሃድሶና ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ነው። የሥጋ ደዌ መድኃኒት ተሕዋሲውን ይገድላል፤ የሞተን ነርቭ ግን አያድንም። ስሜት የሌለው እግር እሾህ ሲወጋው አይታወቀውም፤ ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣት ይረግፋል። ስለዚህ ከበሽታው የዳኑ ሰዎች ቁስላቸውን ለማሳጠብ ለዓመታት ወደ ክሊኒክ ይመላለሱ ነበር።

አለርት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞከረ። ሕመምተኞቹ በየአካባቢያቸው የራስ ክብካቤ ቡድን አቋቁመው እግራቸውን በጋራ እንዲመረምሩ፣ እንዲያጥቡና እንዲንከባከቡ አበረታታ። እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ 72 ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ይህን ሂደት የገመገመው ጥናት ቁስል መቀነሱን ብቻ አልመዘገበም። ሰዎቹ ከሰው መቀላቀል ጀመሩ፤ ክብራቸው ተመለሰ፤ አንዳንዶቹም የቁስል መንከባከቢያ ቁሳቁስ ከአካባቢያቸው ራሳቸው ማሰባሰብ ጀመሩ። የዕድርና የማኅበር ባህል ባለበት አገር ይህ ሊሠራ መቻሉ አያስገርምም። ሆኖም በግምት ብቻ እንዳይቀር ተጠንቶ ተጽፏል፤ የጥናቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ይበልጥ በጥብቅ ዘዴ የተሠራው በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ የተካሄደው ነው። ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚኖሩ ሰዎችን ይመለከታል። የአእምሮ ሕመም ከተሃድሶ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ በሽታው ሰውን ከእርሻው፣ ከትዳሩና ከጎረቤቱ የሚነጥል መሆኑን ያስብ። በወረዳው 48 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። በሁለቱም ወገን ያሉ ሕመምተኞች በጤና ጣቢያ ይታከማሉ። በአንደኛው ወገን ግን ከአካባቢው የተመለመሉ፣ ሐኪምም ነርስም ያልሆኑ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሠራተኞች በዓመቱ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ሰውየውንና ቤተሰቡን ይደግፋሉ፤ ከሰፈሩ ጋር ያስታርቃሉ፤ ወደ ሥራ እንዲመለስ ያግዛሉ። 166 ሕመምተኞች ተሳተፉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ የማኅበረሰብ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሰዎች ከ12 ወር በኋላ በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚገጥማቸው መሰናክል ከሌሎቹ በበለጠ መቀነሱ ታየ።

የሕንዱንና የሶዶውን አንድ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም ባለሙያ ያልሆነ ሰው ተሃድሶ እንዲሰጥ ያደረጉ ናቸው። አንዱ አልተሳካም፣ አንዱ ተሳካ። በሽታው የተለያየ ነው፤ የሚሠራው ሰው የተለያየ ነው፤ በአንዱ ሸክሙ ቤተሰብ ላይ ወደቀ፣ በሌላው ሸክሙን የሚጋራ ሰው ከውጭ መጣ። ስለዚህ «የማኅበረሰብ ተሃድሶ ይሠራል ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ አያዋጣም። ለየትኛው ችግር፣ በማን፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በማን ክትትል ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዋናው ሙከራ በፊት በሶዶ የተደረገው አነስተኛ ቅድመ ሙከራም አንድ መራራ እውነት አሳይቶ ነበር። የከፋ ድህነትና የመድኃኒት አለመገኘት ሥራውን ክፉኛ ይፈታተኑታል። የራበው ሰው ወደ ማኅበራዊ ሕይወት ተመለስ ቢሉት በምን ጉልበቱ?

ለመተከል በመልክዓ ምድርም በችግሩም የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከጎጃም የመጣው ነው። በምሥራቅ ጎጃም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ያለባቸው 696 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ይህ እብጠት በየጊዜው ይነሳል፤ ሲነሳ ያተኩሳል፣ ያቃጥላል፣ ሰውየውን አልጋ ላይ ያውለዋል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል ወይ ተብሎ ተፈተነ። ክብካቤውን ወዲያው ያገኙት በዓመት በአማካይ ወደ 19 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ ያላገኙት ወደ 24 ጊዜ ተነሳባቸው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሳሙናና በጫማ በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ከአልጋ መዳን ለአንድ አራሽ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘዴው መሥራቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ለጤና አገልግሎት ምርምር ዋነኛው ነው። ፕሮጀክት ሲሄድስ? መንግሥት በሚያስተዳድረው ጤና ጣቢያ፣ ባለው ነርስና ባለው በጀት፣ ከወሊድና ከክትባት ሥራ ጎን ለጎን ሊሠራ ይችላል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ ለማየት ከመተከል ጋር በሚዋሰነው በአዊ ዞን፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ሠርተዋል። የቀይ አፈሩን እብጠት፣ ዝሆኔን እና ሥጋ ደዌን ለየብቻ ከማየት ይልቅ፣ የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ድጋፉን በአንድ ጥቅል አድርገው በወረዳው የጤና ሥርዓት ውስጥ አስገቡት። ከአንድ አነስተኛ አካባቢ ጀምረው፣ ከሕመምተኞች፣ ከጤና ሠራተኞችና ከአመራሮች ጋር ተነጋግረው፣ የተማሩትን ይዘው ወደ ወረዳው አሰፉት። ዝሆኔ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ያለ በሽታ ስለሆነ፣ ከአዊ የተገኘው ትምህርት ተራራውን አቋርጦ መተከል መድረስ አለበት።

እስካሁን ያየናቸው ጥናቶች የተገኙትን ሰዎች የሚመለከቱ ናቸው። አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ፤ ወዳልተገኙት።

በተሃድሶ ማዕከል መዝገብ ላይ የሚገኘው የደረሰ ሰው ብቻ ነው። ከመዝገቡ ተነስቶ «ከተገልጋዮቻችን ይህን ያህሉ ረክተዋል» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሐሰትም አይሆንም። ነገር ግን እዚያ መዝገብ ላይ ያለው መንገድ የቻለ፣ ገንዘብ ያገኘ፣ አስታማሚ የተከተለው፣ ቋንቋ ያልከለከለው ነው። ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ከቤት ለመውጣት የሌላ ሰው ፈቃድና ጊዜ ስለሚያስፈልጋቸው ከመዝገብ የመቅረት ዕድላቸው ይበልጣል። ከርቀት የሚመጣው እየሳሳ፣ ከአቅራቢያ የሚመጣው እየበዛ ይሄዳል። በዚህ መዝገብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ አገልግሎቱን ላገኙት ያሻሽላል፤ ላላገኙት ምንም አያደርግም። የወምበራው ገበሬያችን ቤቱ ከቀረ፣ በየትኛውም ሪፖርት ላይ እንደ ጉድለት አይታይም። ያልመጣ ሰው ቅሬታም አያቀርብም።

ቆጠራው ራሱ በአጠያየቅ ይለዋወጣል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከሕዝቡ 1 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተመዘገበ። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል፤ ከኀፍረት የተነሳ፣ ወይም አሮጊት እናታቸው መራመድ አለመቻላቸውን እንደ ዕድሜ እንጂ እንደ ጉዳት ስለማይቆጥሩት። በኋላ በተደረጉ የኑሮ ጥናቶች ጥያቄው ተለወጠ። መነጽር ቢያደርጉም ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ራስን ለመንከባከብ? ለመግባባት? እንዲህ ስድስት ነገር እየተለየ ሲጠየቅ ቁጥሩ 9 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ አልታመመም። ቁጥሩ ያደገው ተጠያቂው ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ስለተገኘ ነው።

ሌላው መሰናክል የአስተዳደር ነው። በአገራችን የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ የተያዙት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ሥር ነው፤ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ደግሞ በጤና ዘርፍ። እግሩን የቆረጠው ሆስፒታል ለአንድ ቢሮ ሪፖርት ያደርጋል፣ እግር የሚሠራው ማዕከል ለሌላ ቢሮ። ሰውየው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይደርስ መንገድ ላይ ቢቀር፣ የሁለቱም ሪፖርት ሙሉ ነው። እነዚህን ሁለት መዝገቦች በስምና በቀበሌ አስተያይቶ፣ ከተቆረጡት ስንቱ ማዕከል ደረሰ ብሎ ማስላት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን እጅግ ጠቃሚ ጥናት ነው። የውጭ ተመራማሪም፣ ትልቅ መሣሪያም አይፈልግም።

ማዕከሉ የደረሰም ቢሆን አንድ ጊዜ ደርሶ አያበቃም። ለዓመታት የኢትዮጵያን የአካል ተሃድሶ ማዕከላት፣ የአሶሳውን ጨምሮ፣ ሲደግፍ የቆየው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንደሚያስረዳው፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ ገደማ፣ አዋቂ ደግሞ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ያስፈልገዋል። በስምንት ዓመቷ እግሯን ያጣች ልጅ እስክታድግ ስንት ጊዜ ዓባይን መሻገር እንዳለባት ቁጠሩት። ለብዙ የመተከል ሰው በቻግኒና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር መውጣት ሊቀለው ይችላል፤ እዚያም ማዕከል አለ። ክልሉ ሌላ ስለሆነ ግን ማን ይልካቸዋል፣ የትራንስፖርቱን ማን ይሸፍናል፣ ክትትሉን ማን ይይዛል የሚለው በግልጽ ተጠንቶ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው።

የጸጥታው ሁኔታም አለ። መተከል በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ከባድ ግጭት አሳልፏል፤ በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ በዞኑ እጅግ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ የተረፈ ቁስለኛ ጥይቱ ከወጣለት በኋላ ገና ረጅም መንገድ ይቀረዋል። የተፈናቀለ ሰው ደግሞ በቀድሞ ቀበሌውም በአዲሱም መዝገብ ላይ ላይገኝ ስለሚችል፣ ጥናት የሚያደርግ ሰው ከሰፈሩ አልፎ መጠለያም መጠየቅ ይኖርበታል።

አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ተሃድሶ ጉዳቱ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። በገጠር እጅ ወይም እግር ሲሰበር የመጀመሪያው ሰው ወጌሻ ነው፤ ሆስፒታሉ ሩቅ፣ ወጌሻው ቅርብና የታመነ ስለሆነ። ችግሩ የሚመጣው ማሠሪያው በጣም ሲጠብቅ ነው። ደም መዘዋወር ያቆማል፣ አካሉ ይጠቁራል፣ በቀላሉ ሊድን የሚችል ስብራት በመቆረጥ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚጎዱት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ጥናት፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚመጣው መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወጌሻን መከልከል አልተሞከረም፤ የአደጋ ምልክቱን አውቆ ማሠሪያውን እንዲያላላና ወደ ሆስፒታል እንዲልክ ተነገረው። ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ርካሽነቱ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽና መከባበር።

ታዲያ በወምበራ እንዲህ ያለ ጥናት ቢጀመር ምን ይመስላል? ከቀበሌ ይጀምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገር ደረጃ ሲጀመር ጀምሮ በየቀበሌው በአማካይ ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ ታስቦ የተዘረጋ ነው፤ በየቤቱ ደጃፍ ያለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስድስቱን ጥያቄዎች ይዘው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሺናሽኛ፣ በጉሙዝኛና በኦሮምኛ ተዘጋጅተው አስቀድመው መፈተን አለባቸው፤ በአንዱ ቋንቋ ትክክል የሆነ ጥያቄ በሌላው ሊያስቀይም ይችላልና። ችግር ያለበት ሰው ሲገኝ ፊዚዮቴራፒስት ሄዶ ያየዋል። ከዚያ ሰውየውና አስታማሚው ይጠየቃሉ። እስካሁን የት ሄዳችሁ ነበር? ስንት ወጣባችሁ? ምን ሸጣችሁ? ለምን አቋረጣችሁ? ጥናቱ ክረምትንም በጋንም ማየት አለበት፤ በጥር የሚኬድበት መንገድ በነሐሴ ላይኬድበት ይችላል።

ቀጥሎ አማራጮቹ ይነጻጸራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያዎችን ከአሶሳ ወይም ከባሕር ዳር ማምጣት ይሻላል ወይስ ሕመምተኞችን በጋራ መኪና መውሰድ? ለአነስተኛ ጥገና የሚሆን ዕቃና የሠለጠነ ሰው እዚያው መተከል ባለው የፓዌ ሆስፒታል ቢቀመጥ ስንት ጉዞ ይቀራል? ውጤቱ የሚለካውም በተሰጠው እግር ብዛት ሳይሆን ከዓመት በኋላ ሰውየው ቤት ሄዶ በማየት ነው። ለብሶታል? ያቆስለዋል? ወደ ማሳው ይደርሳል? ገበያ ወጥቷል? የወጣው ብርና የተገኘው ለውጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲመድብ የሚይዘው ማስረጃ ይኖረዋል።

ሰው የለም እንዳይባል፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶም የቆየ ልምድ አለው። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጥናቶች ታትመዋል። ብዙዎቹ ግን የወገብ ሕመም በመምህራን፣ በነርሶች ወይም በሌላ ሙያተኛ ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚቆጥሩ ናቸው። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የችግሩን መጠን ነግረውን ያቆማሉ። አገልግሎቱ ደረሰ ወይ፣ ሠራ ወይ የሚለውን የሚጠይቁት ቁጥራቸው መጨመር አለበት። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሃድሶ በጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲጠናከር ውሳኔ አሳልፏል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ተሃድሶ በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ግዴታ ነው። ግዴታው የተፈጸመው ለማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንዳልተፈጸመ የሚነግረን ጥናት ነው።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ የአሶሳ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችና አማካሪ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ስትመርጡ ከሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ውጡና ወምበራን፣ ቡለንን፣ ሌላውን የክልሉን ዞን ካማሺን አስቡ። የክልሉ ጤና ቢሮና የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮም መዝገቦቻችሁን ለእነዚህ ተማሪዎች ክፈቱላቸው። እቤቱ ከስትሮክ በኋላ የተኛ አባት፣ እግሯ የዞረ ሕፃን ወይም እግሩ የተቆረጠ ወንድም ያለው አንባቢ ደግሞ ነገ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር፤ ስማቸው ይመዝገብ።